ሳይክሉን አትከልክሉት፣ ቁምጣውን ቀይሩለት



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቁምጣ ነው። አትሳቁ፣ ነገሩ ሐኪም ቤት ድረስ ያመጣል።

አንዲት እናት የ15 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ)። «ዶክተር፣ ብርድ መትቶት ነው መሰለኝ፣ አረማመዱ ተበላሽቷል» አለችኝ። ልጁ ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቹ ጋር እንጦጦ ላይ ሳይክል ይነዳል። ዝናብ ሲመታው የጂንስ ቁምጣው ከነጭቃው ላዩ ላይ ይደርቃል። ፈቅዶልኝ ሳየው ሁለቱም ብሽሽቱ ቀልቷል፣ የቁስሉ ዳር ዳር እንደ ቀለበት ከፍ ብሎ ወደ ጭኑ ወርዷል። የፈንገስ ሕመም ነው። ልጁ አፍሮ ለማንም ሳይናገር ከመድኃኒት ቤት ቅባት ገዝቶ ለአንድ ወር ያህል ሲቀባ ቆይቷል። ቅባቱ ስቴሮይድ አለው። ስቴሮይድ ለጊዜው ማሳከኩን ያስታግሳል፣ ፈንገሱ ግን ይስፋፋል።

እናቱ ያገኘችው መፍትሔ ሳይክሉን ቆልፋ ማስቀመጥ ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም። በዚህ ዕድሜ ስልኩን አስቀምጦ ተራራ የሚወጣ ልጅ ካላችሁ፣ ያንን ልማድ ጠብቁለት። ችግሩ ያለው ልብሱ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ብርድ አንድ ነገር ልበል። ሳንባ ምች የሚያመጡት ባክቴሪያና ቫይረስ ናቸው፣ ዝናብ ስለመታው ብቻ ልጃችሁ ሳንባ ምች አይዘውም። ረጥቦ መቆየት ግን ሌላ ጉዳት አለው። ውሃ ሙቀትን ከአየር ወደ 25 እጥፍ በፈጠነ ሁኔታ ከሰውነት ይወስዳል። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ስለሚደርስ ከከተማው መሃል ብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ቁልቁለት ሲወርዱ ደግሞ ነፋሱ ይጨመርበታል። ከዚህ በላይ በብዛት የማየው የቆዳ ጉዳት ነው። የረጠበ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ኮርቻው ላይ ሲፈተግ ይላጣል፣ በተላጠው በኩል ደግሞ ፈንገስና ባክቴሪያ ይገባሉ።

ብዙ ወላጅ ለዝናብ ሲባል ጃኬት ይገዛል። ሳይክል ላይ ግን መጀመሪያ የሚረጥበው መቀመጫ ነው፣ የኋላው ጎማ ጭቃውን የሚረጨው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁ ለአንድ ልብስ ብቻ ከበቃ፣ ውሃ የማያስገባ ቁምጣ ግዙ እላለሁ። ረጅም ሱሪ በሰንሰለቱ ሊያዝ ይችላል፣ ጉልበትንም ይይዛል። ባዶ እግር ግን በፎጣ ሲጠረግ ወዲያው ይደርቃል።

ስትገዙ እነዚህን ተመልከቱ፦

1. ቁጥሩን አንብቡ። መለያው ላይ 10,000 ሚሊ ሜትር ከተባለ፣ ጨርቁ የ10 ሜትር ውሃ ጫና ይችላል ማለት ነው። ኮርቻ ላይ ስንቀመጥ ጨርቁ ስለሚጫን ከዚህ ያነሰውን አልመክርም።

2. ላብ ያስወጣል ወይ? ሙሉ በሙሉ ላስቲክ የሆነ ቁምጣ ዝናቡን ይከለክላል፣ ልጁን ግን በራሱ ላብ ያረጥበዋል። ለብሽሽት ደግሞ ላቡም ዝናቡም አንድ ነው።

3. ስፌቱን ገልብጣችሁ እዩ። ከውስጥ በኩል በጥብጣብ ካልታሸገ ውሃው በመርፌው ቀዳዳ ይገባል። መቀመጫው መሃል ላይ ስፌት ባይኖር ይመረጣል።

4. ቁጭ ብሎ ይለካው። ቆሞ ልክ የሆነ ቁምጣ ሳይክል ላይ ሲያጎነብስ ጀርባውን ያጋልጣል። ከኋላ ከፍ ያለ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ይሁን።

5. ከስር ጂንስም ጥጥም አይልበስ። ጥጥ ውሃ ይዞ ይቆያል። ስፖንጅ ያለው የሳይክል ታይት ካለው፣ ያለ ፓንት በቀጥታ ቆዳው ላይ ይልበሰው፣ በለበሰው ቁጥርም ይታጠብ።

6. የውጪውን ቁምጣ በሶፍትነርና በበረኪና አትጠቡት፣ ውሃ የመከላከል አቅሙን ይቀንሳሉ።

ሳልባጅ ከገዛችሁ፣ ቤት ወስዳችሁ መቀመጫው ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍስሱና በመዳፋችሁ ለጥቂት ደቂቃ ተጫኑት። ውስጡ ከረጠበ ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው።

ዋጋው ከአቅም በላይ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ። ለኋላ ጎማ ፓራፋንጎ አስገጥሙ፣ ደረቅ ቁምጣና ፓንት በፌስታል ቋጥራችሁ ቦርሳው ውስጥ አድርጉለት። ከሳይክሉ እንደወረደ ይቀይር። ቤት ሲገባ ይታጠብ፣ ብሽሽቱንና የእግር ጣቶቹን መሃል በደንብ ያድርቅ። የእግር ጣት ፈንገስ ካለውም አብሮ ይታከም፣ ብዙ ጊዜ ወደ ብሽሽት የሚዛመተው ከእግር ነው።

አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ያላችሁ፣ የእናንተ ክረምት ከእኛ ይለያል። ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ቁምጣ ብቻውን አይበቃም፣ ከስር ረጅም የስፖርት ታይት ጨምሩ።

የሚንቀጠቀጥ፣ ንግግሩ የሚወላገድ ወይም ድብታ የያዘው ልጅ ካጋጠማችሁ፣ የረጠበውን ልብስ አውልቁለት፣ በደረቅ ብርድ ልብስ ጠቅልሉትና ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ብሽሽት ላይ ለሚወጣ ሽፍታ ደግሞ ሳትመረመሩ ቅባት አትግዙ።

ያ ልጅ ተገቢውን መድኃኒት ለሳምንታት ተጠቅሞ ድኗል፣ ሳይክሉም ተከፍቶለታል። ሕመሙን በመጀመሪያው ሳምንት ለእናቱ ቢነግር ኖሮ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ባልተሰቃየ። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ጠይቋቸው፣ ሲነግሯችሁም አትሳቁ፣ አትቆጡ።