ድሬ ላይ «እውነተኛ ፋን» ማነው?

እውነቱን ተናግሬ ልጀምር፦ እኔም ፈታኝ ነበርኩ።

ፈታኝ ስል ታውቁታላችሁ። አንድ ልጅ «ስፓይደርማን እወዳለሁ» ሲል «እሺ፣ ማይልስ ሞራሌስ መጀመሪያ የወጣው የትኛው ኮሚክ ላይ ነው?» ብሎ የሚያፋጥጠው ሰውዬ። የሚጠይቀው መልሱን ፈልጎ አይደለም፤ የልጁን አለማወቅ ፈልጎ ነው። ልጁ ሲንተባተብ ደግሞ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ፈገግ ይላል። ይሄ ሰውዬ አሁን ድሬ ላይ በዝቷል። ሦስተኛው ክፍል ይመጣል ይመጣል እየተባለ ወሬው በተነሳ ቁጥር እሱም አብሮ ይነሳል። ስለ እሱ ነው የምጽፈው፤ ስለ ራሴም ጭምር።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ ሳቢያን፣ አክስቴ ግቢ። የድሬን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል፣ ማታ ቤት ውስጥ ቁጭ አይባልም። ቲቪውን ገመድ ቀጥለን ደጅ አወጣነው። የጎረቤት ልጆች ተሰበሰቡ፣ አንዱ ጀሪካን ላይ፣ ሌላው ምንጣፍ ላይ፣ ሁለቱ ግንቡ ላይ። ፊልሙ «ስፓይደርማን፦ አክሮስ ዘ ስፓይደር ቨርስ» ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ በየአገሩ ሲኒማ ቤቶች ወጣ፣ እኛ ጋ በፍላሽ ደረሰ፤ ያውም ከላዩ አንድ ሰው በአማርኛ እየተረከበት። «ትርጉም» የምንለው ነገር ማለት ነው። ድምፁ አንድ ነው። እናትየውም እሱ፣ አባትየውም እሱ፣ ሁሉም ሸረሪት እሱ።

መሀል ላይ የሕንዱ ስፓይደርማን፣ ፓቪትር፣ ይመጣል። ማይልስ «ቻይ ቲ» ሲለው ልጁ ይበግናል፤ ቻይ ማለት እኮ ራሱ ሻይ ማለት ነው፣ «ሻይ ሻይ» ነው ያልከው ዓይነት። ተራኪው ገና አፉን ሳይከፍት ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እዚያ ምንጣፍ ላይ አማርኛም ኦሮምኛም ሶማልኛም የሚያወሩ ልጆች ነበሩ። በሦስቱም ቃሉ ያው ነው፦ ሻይ፣ ሻዪ፣ ሻህ። አሜሪካ ላለ ተመልካች ተብራርቶ የሚነገር ቀልድ ለሳቢያን ልጅ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ሌላም አለ። ማይልስ ከእናቱ ጋር ሲያወራ በእንግሊዝኛ ጀምሮ በስፓኒሽ ይጨርሳል፤ የፊልሙ ሰዎች ደግሞ ብዙውን ስፓኒሽ ሳይተረጉሙ ነው የተዉት። ይሄንን ለድሬ ልጅ ማስረዳት ምን ይባላል? እኛ በአማርኛ ሰላም ብለን በኦሮምኛ ተከራክረን በሶማልኛ የምንስቅ ሰዎች ነን፣ አቦ። ወላጆቹ ትምህርት ቤት ተጠርተው ልጁ በስፓኒሽ «ቢ» ማምጣቱን ሲሰሙ እናትየው ትደነግጣለች፤ በገዛ ቋንቋዋ! አክስቴ እስከ ዛሬ ፊልሙን የምታስታውሰው በዚያች ቦታ ነው። የእሷ ልጅ ቤት ውስጥ በኦሮምኛ እየተጨቃጨቃት ፈተና ላይ ኦሮምኛ ስንት እንዳመጣ ታውቃለቻ።

ከ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በኋላ ማይልስ የራሱ ያልሆነ ዓለም ውስጥ ታስሮ ፊልሙ «ይቀጥላል» ብሎ ተዘጋ። አንዱ ልጅ ፊልም የሚጭነውን ሰውዬ በሶማልኛ ሰደበው፤ ፍላሹ ላይ የጎደለ መስሎት። ሳቅንበት፤ ግን ሲኒማ ቤት ገንዘብ ከፍለው የገቡትም እኮ እንደሱ ነው የጮኹት።

በማግስቱ ከዚራ ዛፎቹ ጥላ ሥር ጁስ ልንጠጣ ወጣን፣ እኔ፣ አንድ ጓደኛዬና የአክስቴ ልጅ። 11 ዓመቱ ነበር። ስለ ፊልሙ ያለ ፋታ ያወራል። ጓደኛዬ ኮሚኮቹን ከሥር ከሥር የሚያነብ ልጅ ነው፤ ያከብሩታል። «በትርጉም ነው ያየኸው?» አለው። «አዎ።» «እንግዲያው አላየኸውማ።» ቀጥሎ ፈተናው መጣ። ሚጌል ኦሃራ የስንት ዓመተ ምሕረት ስፓይደርማን ነው? ማይልስን የጻፈው ማነው? ልጁ አንዱንም አልመለሰም። ጓደኛዬ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ያ ሳቅ ነው ይሄን የሚያስጽፈኝ።

በል እንግዲህ፣ ፈታኙ፣ እንከራከር። ማይልስ ሞራሌስ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2010 የተወሰኑ አድናቂዎች ለቀጣዩ የስፓይደርማን ፊልም ጥቁሩ ተዋናይ ዶናልድ ግሎቨር ይታሰብ ብለው ኢንተርኔት ላይ ዘመቻ ጀመሩ። ሚናውን አላገኘም። ስድቡ ግን ወረደበት፤ «ስፓይደርማን ጥቁር አይደለም፣ ኮሚኩ ላይ የለም» የሚል። በዚያው ዓመት ግሎቨር «ኮሚኒቲ» በሚባለው ተከታታይ ድራማ ላይ የስፓይደርማን ፒጃማ ለብሶ ብቅ አለ። የኮሚክ ጸሐፊው ብራያን ማይክል ቤንዲስ ያቺን ትዕይንት አይቶ ልቡ ከጀለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2011 ማይልስ «አልቲሜት ፎልአውት» ቁጥር 4 ላይ ተወለደ፤ የሳለችው ጣሊያናዊቷ ሳራ ፒኬሊ ናት። እንግዲህ ዛሬ የምትፈትንበት ገጸ ባሕርይ የተገኘው ያልተጻፈ ነገር የተመኙ አድናቂዎች በጀመሩት ጨዋታ ነው። «ኮሚኩ ላይ የለም» ብለው የጮኹት ግን ምን ፈጠሩ?

(ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ ያውቃል። ማወቅ አልጎደለውም።)

አሁን ወደ ፊልሙ ልምጣ፤ እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚያስቀው። ሚጌል ኦሃራ ሁሉንም ሸረሪቶች ሰብስቦ ሕግ ያወጣል፦ በእያንዳንዱ ስፓይደርማን ሕይወት ውስጥ መድረስ ያለበት፣ ማንም ሊነካው የማይገባ ነገር አለ፤ «ካነን»። በእኛ ቋንቋ ቀኖና በለው። አንዱ ቀኖና ለስፓይደርማኑ ቅርብ የሆነ የፖሊስ ሻምበል ይሞታል የሚል ነው፤ የማይልስ አባት ደግሞ ሻምበልነት ሊሾም ነው። ማይልስ «አባቴን አድናለሁ» ሲል ሚጌል ይነሳበታል። እንዲያውም አንተ ራስህ ስሕተት ነህ ይለዋል፤ የነከሰህ ሸረሪት ከሌላ ዓለም የመጣ ነው፣ ስፓይደርማን መሆን አልነበረብህም። ሙሉ ፊልሙ ለዚህ የተሰጠ መልስ ነው፤ ልጁ እምቢ ብሎ ይሮጣል።

ይሄን ፊልም ሦስቴ አይቶ የ11 ዓመት ልጅ ላይ «አንተ እውነተኛ አይደለህም» የሚል ሰው ማንን ሆኖ ነው ያየው? ሚጌልን እኮ ነው። እሱም ላንቃው እስኪሰነጠቅ ያጨበጨበው ለማይልስ ነው። ይሄ ያናድደኛል፣ በእውነት።

ቀኖና ራሱ ደግሞ የምታስበውን ያህል የጸና አይደለም። ፊልሙ በወጣባቸው ሳምንታት የተለያዩ ሲኒማ ቤቶች ያሳዩት ቅጂ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ አንዳንድ ንግግሮች ይለያያሉ። የደረሱበት ተመልካቾቹ ናቸው፣ የሰሙትን እያስተያዩ፤ ከፊልሙ ሠራተኞች አንዱም እውነት ነው ብሏል። ስለዚህ «ኦሪጅናሉን አላየህም» ስትለኝ የትኛውን ኦሪጅናል? ደግሞስ የመጽሐፍ ቅዱስ 81 ነው 66 ነው ክርክር ሲሰማ ላደገ ሰው፣ ቀኖና የሚወሰነው ተቀማጭ ሰዎች ሲወስኑት እንደሆነ መንገር ያስፈልጋል?

«ካርቱን የልጅ ነው» ለሚሉት ጊዜ የለኝም። ለእነሱ ሌላ ቀን።

የትርጉሙን ነገር ግን በሐቅ ልናገር፣ ምክንያቱም ፈታኙ እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለው። ትርጉም ያበላሻል። ተራኪው ያልገባውን ይዘለዋል፣ ያልተባለውን ይጨምራል፤ እኛ ያየነው ላይ ስፓኒሹ ሲመጣ ዝም ብሎ «ልጄ ተጠንቀቅ» እያለ አለፈው። ሙዚቃው ከሥሩ ይታፈናል። የሠሩት ሰዎች ደግሞ ከእኛ ግቢ ሳንቲም አላገኙም። ይሄን አልክድም። ግን አንተ ያነበብከው ፒዲኤፍስ ማን የከፈለበት ነው? አንተም እኔም ከአንድ ወንዝ ነው የቀዳነው፤ ልዩነቱ አንተ በእንግሊዝኛ መቅዳትህ ነው። ፈተናው ስለ ኮሚክ ይመስላል እንጂ ስለ እንግሊዝኛ ነው። ማን የት ተማረ፣ ማን ዋይፋይ አለው፣ ማን አዲስ አበባ ሄዶ ትልቅ ስክሪን ላይ አየ።

ሕንድን እዩ። ይሄው ፊልም እዚያ የወጣው በ10 ቋንቋ ነው፤ ሂንዲ፣ ታሚል፣ ቴሉጉ፣ ቤንጋሊ፣ ፑንጃቢ እያለ። የፓቪትርን ድምፅ በሂንዲና በፑንጃቢ የሠራው የክሪኬት ተጫዋቹ ሹብማን ጊል ነው። ሰው ትኬት ቆርጦ በእናቱ ቋንቋ አየ፤ «በሂንዲ ካየኸው አላየኸውም» ብሎ የሚያስወጣ ዘበኛ በር ላይ አልቆመም። በአማርኛ ወይ በኦሮምኛ እንዲህ አድርጎ የሚያመጣልን የለም። እስኪመጣ ድረስ ያ ባለ አንድ ድምፁ ሰውዬ ነው ያለን። ሥራው ይተች፣ በደንብ ይተች። ልጁ ግን ምን አጠፋ?

ነገሩ በስፓይደርማን ቢያበቃ እሺ፣ ጨዋታ ነው ብዬ እተወው ነበር። አያበቃም። በ2011 ዓ.ም. አካባቢ ብስራት ደበበ በኢታን ኮሚክስ በኩል «ጀምበር»ን ይዞ መጣ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የተዘጋጀ የሱፐርሂሮ ኮሚክ፣ ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን የሚባል ሥራ ፈላጊ ወጣት። ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ሱፐርሂሮ! ከዚህ በላይ እኛን የሚመስል ምን አለ? እኔ ያኔ የሽፋኑን ሥዕል በስልክ አይቼ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ሱፐርማንን ቀለም ቀብተው ነው።» አንድ ገጽ አላነበብኩም። ቀጥሎ «ሀዊ» መጣች፣ ሴት ጀግና፤ ድሬ ላይ በየሰፈሩ ሀዊ የምትባል ልጅ አለች፣ እኛ ግን «ዎንደር ውማን ናታ» ብለን አለፍናት። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን የሠሩት ሰዎች ሦስት ልጃገረዶችን ጀግና አድርገው «ጥበብ ገርልስ»ን በአኒሜሽን ሲያመጡ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻንና የወር አበባን የሚናገር ካርቱን፣ ጓደኞቼ ጋ የሰማሁት «የኤንጂኦ ማስታወቂያ» የሚል ነው። ባትማን ወላጆቹ ስለሞቱበት ያለቅሳል፤ ያ ጥበብ ነው። የኛ ልጅ ሳትፈልግ ልትዳር ስትል ማስታወቂያ ሆነ።

አልወደድኩትም ማለት መብት ነው። ሥዕሉ ይደክማል፣ ንግግሩ ይንዛዛል በል፤ አንብበህ በል። እኛ ያደረግነው ግን እሱን አይደለም። ገና ሳይገለጥ መታወቂያ ጠየቅነው፤ ከዚራ ላይ ልጁን እንደጠየቅነው።

ልጁ ያን ቀን ቦርሳው ውስጥ ደብተር ይዞ ነበር። ለእኛ ሊያሳየን ነው ያመጣው፤ ይሄን የነገረችኝ አክስቴ ናት፣ ከሳምንታት በኋላ። የሒሳብ ደብተሩ ጀርባ ላይ የድሬን ስፓይደርማን ስሏል። ድሬ ላይ የሚንጠለጠልበት ፎቅ እንደልብ ስለሌለ ከከዚራ ዛፍ ወደ ከዚራ ዛፍ ይወረወራል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆሞ ድሩን ከዳር እስከ ዳር ዘርግቶ ጎርፍ ያቆማል።

ለማያውቅ፦ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይገበያይበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ልጁ ያኔ አልተወለደም። እናቱ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ሌሊት ዝናብ ስትሰማ ተነስታ ትቀመጣለች፤ ጎረቤቶቿን የወሰደው ውሃ ነው። እሱ ይሄን እያየ ነው ያደገው። የሆነው ሆኗል፣ አይነካም የተባለን ነገር ወስዶ፣ እምቢ ብሎ፣ በስክሪብቶ ድር ዘረጋበት። ሚጌል የስንት ዓመተ ምሕረት ሰው እንደሆነ ግን አያውቅም።

ሄጄ ጠየቅሁት። «እስቲ ያቺን ሥዕል አሳየኝ» አልኩት።

«እሱ የውሸት ነው» አለኝ። «ኮሚኩ ላይ የለም።»

ባለ 24 ቀለም እርሳስ ገዝቼ ሰጠሁት፣ ተቀበለኝ፣ አመሰገነኝ። አሁን ቁመቱ እኔን ሊያህል ነው። ደብተሩን እስካሁን አላሳየኝም።