የአባትን ቮልስ ጣራ ለመቁረጥ አንቸኩል



ባለፈው ሰንበት ከዕድር ስንመለስ አንድ ወጣት ጎረቤታችን «የአባቴን ቮልስ ጣራዋን አስቆርጬ የሙሽራ መኪና ላደርጋት ነው፤ ለመስቀል ትደርሳለች» ሲል ሰማሁ። ገሚሱ ሰው አጨበጨበለት፣ ገሚሱ ሳቀ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ግን ሲከነክነኝ ስለሰነበተ ያኔ በአፌ ያልተናገርኩትን በዚህ ሰሌዳ ላይ ለማስፈር ወደድኩ። ልጁም ሲያልፍ ሲያገድም ያነበዋል ብዬ ነው።

በበኩሌ ሐሳቡን አልነቅፍም። ሙሽራ መታየት አለበት። በእኛ በጋሞም አዲስ ተጋቢዎች በመስቀል ሰሞን ሶፌ ብለው ገበያ የሚወጡት ሕዝብ እንዲያያቸው ነው፤ እርግጥ በእግራቸው ነው የሚወጡት፣ ቤንዚንም አይጠይቁም። ልጁ በስልኩ ያሳየንን ፎቶግራፍም አይቻለሁ። በመስከረም 1956 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተን በገቡ ጊዜ ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጋር በክፍት ሊንከን ሆነው ለሕዝብ ሲታዩ ያማረ ነበር። ነገር ግን ያቺ ሊንከን ከመነሻዋ ክፍት ሆና የተሠራች ናት። ድፍን የቤት መኪና ጋራዥ ወስዶ ቆርጦ ያመጣላቸው ሰው የለም።

ለመሆኑ የመኪና ጣራ ሥራው ዝናብ መከላከል ብቻ ነውን? የጨንቻንና የዶርዜን የቀርከሃ ቤት የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ጣራውና ግድግዳው አንድ ሽመና ነው። አናቱን ልቁረጠው ቢሉ ግድግዳው ይንጋደዳል። የቮልስም ነገር እንዲሁ ነው። አንዳንዱ «ቮልስ እኮ አካሉ ከወለሉ ጋር በብሎን ነው የታሰረው፣ ወለሉ ይበቃዋል» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ወለሉ መሐል ለመሐል የሚያልፍ ጠንካራ አከርካሪ አለው፤ የቀረው ግን ስስ ላሜራ ነው። እንዳይጠማዘዝ የሚያግዙት በሁለቱ በሮች ሥር የሚያልፉት እንደ ሣጥን ባዶ የሆኑ ጎኖች፣ ምሰሶዎቹና ጣራው ተባብረው ነው።

ጀርመን አገር ኦስናብሩክ ከተማ የነበረው ካርማን የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1980 ከ330 ሺህ በላይ ጣራ ክፍት ቮልስ ሠርቷል። ታዲያ እነሱ ጣራ አንስተው ሸራ በመጣል ብቻ አልተገላገሉም። በሮቹ ሥር ተጨማሪ ብረት በየዱ፣ የፊት መስታወቱን ዙሪያና የበሩን ምሰሶ አጠነከሩ። ስለዚህም ክፍቷ ቮልስ ከድፍኗ ትከብዳለች! ጣራ ተቀንሶ ክብደት መጨመሩ ነገሩን ሁሉ የሚናገር ይመስለኛል።

አሁን ወደ ልጁ ቮልስ እንመለስ። በበሮቹ ሥር የሚያልፉት እነዚያ ባዶ ጎኖች ከሞተር የሚመጣው ሙቀት የሚተላለፍባቸውም ናቸው፤ ዝገት ደግሞ ከውስጥ ይበላቸዋል። ከውጭ ቀለሙ ደህና ነው። የቀርከሃውንም ቤት ምስጥ የሚጀምረው ከሥር አይደል? ቤቱንስ የበሰበሰውን ቆርጦ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ቮልስን ግን እንዲያ አይቻልም።

አዲስ አበባ በነበርኩበት ዘመን አንድ የማውቀው ሰው ፊያቱን እንዲሁ አስቆርጦ ነበር። ጋራዡን አልጠራም። ሦስት ሳምንት ሰው ሁሉ ቀናበት። በአራተኛው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ በሩ ተበርግዶ፣ ከኋላ የተቀመጠችው የእህቱ ልጅ እግዚአብሔር አተረፋት እንጂ መንገድ ላይ ልትወድቅ ነበር። ከዚያ በኋላ በሩን በገመድ እያሰረ ይነዳ ጀመር። ያ እንግዲህ አስፋልት ላይ ነው። የእኛን መንገድ አቀበትና ጠጠር፣ የበልጉንም ጭቃ እናንተው ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ጎማ ከፍ ሌላው ዝቅ ሳይል መቶ ሜትር አይኬድም። መኪና የሚጠማዘዘውም በዚህ ጊዜ ነው።

ሌላም አለ። ሊብሬው ላይ የተጻፈውና በር ላይ የቆመው መኪና ካልተመሳሰሉ ቦሎ ሲደርስ ጣጣ ነው። ስለዚህ ፈቃዱ ከመቆረጡ በፊት ይጠየቅ። ደግሞም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና የሚናቅ ዕቃ አይደለም። የቮልስም የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። አንዴ የተቆረጠ ጣራ ተመልሶ ቢበየድም እንደ ቀድሞው አይሆንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ፋብሪካው ራሱ እስከ 1963 እ.ኤ.አ. ድረስ መሐል ጣራቸው ብቻ ተከፍቶ በሚታጠፍ ሸራ የሚሸፈን ድፍን ቮልሶች ይሸጥ ነበር። ምሰሶዎቹም የጣራው ጎንና ጎንም አይነኩም። ሙሽሮቹ ከኋላ ወንበር ብድግ ብለው ሕዝቡን እጅ መንሳት ይችላሉ፤ መኪናው ቀስ ብሎ ሲሄድ ማለቴ ነው። አንድ ደህና ባቲላሜራ ጠርዙን ዙሪያውን በብረት አጠናክሮ ይሠራዋል። ሸራውን ደግሞ በሸማኔ አገር የሚሰፋ ሰው አይጠፋም።

ልጁ አይሆንም፣ ሙሉውን ነው የምቆርጠው ካለም መኪናው የእሱ ነው። ግን አስቀድሞ አንድ ሙከራ እናድርግ። በሩን ከፍተን ቮልሷን ከበሩ ሥር መሐል ላይ በክሪክ ቀስ ብለን እናንሳት። ከዚያ በሩ እንደ ወትሮው ካልገጠመ፣ ወይም ክሪኩ ላሜራውን ጨፍልቆ ከገባ ጎኑ በስብሷል ማለት ነውና መቁረጫውን ይመልሱት፤ መጀመሪያ የሚሠራው ሥሩ ነው። ክሪክ እኔ አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፣ ይምጣ።