በማን እጅ?

ቦሌ አካባቢ ላፕቶፔን ይዤ ኮድ የምጽፍበት አንድ ካፌ አለ። ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ሐር የለበሰ ልጅ ቆሟል፤ አንድ እጁ ባለ ላባ ባርኔጣ ይዟል፣ ሌላው ወገቡ ላይ ነው። ባለፈው ወር አንድ ጓደኛዬ ቀና ብሎ አየውና «ፎርጅድ!» ብሎ ሳቀ። ማን ሣለው፣ በስንት ቀን ሣለው ብሎ አልጠየቀም። በቃ፣ አንድ ቃል ወርውሮ ወደ ማኪያቶው ተመለሰ። እኔ ግን ቃሏ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም።

ሥዕሉ የቶማስ ጌንስቦሮ «ሰማያዊው ልጅ» በእጅ የተሣለ ቅጂ ነው። ዋናው የተሣለው እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1921 አሜሪካዊው ባለሀብት ሄንሪ ሀንቲንግተን ከ700 ሺህ ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው። ከእንግሊዝ ከመውጣቱ በፊት ሊሰናበቱት ለንደን ናሽናል ጋለሪ የሄዱት ሰዎች ወደ 90 ሺህ ይጠጋሉ። ዛሬ ቤቱ ካሊፎርኒያ ነው።

አሁን ልብሱን እዩት። ያ ልጅ የለበሰው የራሱን ዘመን ልብስ አይደለም። ከእሱ መቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድሞ ቫን ዳይክ ይሥላቸው የነበሩ መኳንንት የለበሱትን ነው። ጌንስቦሮ ቫን ዳይክን እየቀዳ የተማረ ሰው ነበር። ቫን ዳይክ ራሱ ደግሞ እንግሊዛዊ አልነበረም፤ የአንትወርፕ ልጅ ነው። ከእሱ በኋላ ቤተ መንግሥቱን የያዘው ፒተር ሌሊ ከደች ቤተሰብ የተወለደ ነው፤ ቀጥሎ የመጣው ጎድፍሬይ ኔለር ጀርመን ነው። እናም «ንጹሕ የእንግሊዝ ኦሪጅናል» የምትሉት ነገር ሲገለጥ፣ ከሥሩ ቅጂ በቅጂ ላይ ተደርቦ ታገኛላችሁ።

«እሺ፣ ቢያንስ እነሱ በገዛ እጃቸው ሣሉ» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ እንየው። የሌሊ ስቱዲዮ ቁጥር የተሰጣቸው የአቀማመጥ ዓይነቶች ነበሩት። ደንበኛው አንዱን ይመርጣል፣ ጌታው ፊቱን ይሥላል፣ የቀረውን ረዳቶች ይጨርሱታል። እኛ ቴምፕሌት እንለዋለን። የሮያል አካዳሚ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆሹዋ ሬይኖልድስም ብዙ ጊዜ ልብሱን የሚሥልለት ሌላ ሰው ነበር፤ ከእነዚህ አንዱ ፒተር ቶምስ ይባላል። አለን ራምሴይ የጆርጅ ሦስተኛን የንግሥ ሥዕል ከሠራ በኋላ ስቱዲዮው ለአምባሳደሮችና ለቅኝ ግዛት ገዢዎች የሚላኩ ቅጂዎችን በብዛት ሲያመርት ኖረ። ያን ንጉሥ ደጋግሞ ከሣሉት ረዳቶች አንዱ ፊሊፕ ሬይናግል ነው። በመጨረሻ የሰው መልክ መሣል አንገፍግፎት ወደ እንስሳት ዞረ። በርንአውት የኛ ዘመን በሽታ ይመስላችሁ ነበር?

እነዚያን ቅጂዎች ዛሬ ማንም «ፎርጅድ» አይላቸውም። ወርቅማ ፍሬም አላቸው፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተሰቅለዋል። ያው ሥራ ቻይና፣ ሼንዘን ውስጥ ባለችው ዳፈን መንደር ሲሠራ ግን ያስቀናል። ዳፈን በ1989 ሁዋንግ ጂያንግ የሚባል ነጋዴ ሠዓሊ ከሆንግ ኮንግ መጥቶ ቅጂ ማስሣል የጀመረባት ናት፤ ከዚያ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠዓሊዎች ኖረውባታል። አንዱ ፊት፣ ሌላው ሰማይ የሚሥልባቸው ወርክሾፖች አሉባት። ሌሊ ቢያያት ቤቱ የገባ ይመስለው ነበር። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ፍሬሙና ፓስፖርቱ።

አንድ ነገር ግን ልመን። ቅጂው ዋናውን አይተካም። ጌንስቦሮ ጨርቁን የሚሥለው ቀጫጭንና ፈጣን የብሩሽ ምቶችን እየደራረበ ነው፤ ቀረብ ስትሉ ጭረት፣ ራቅ ስትሉ ሐር። ከፎቶ የሚቀዳ ሠዓሊ የቀለሙን ውፍረት ከየት ያውቀዋል? የካፌው ልጅ ሐሩ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል፣ አልክድም። ግን «ደከም ያለ ቅጂ» ማለት አንድ ነገር ነው፣ «ውሸት» ማለት ሌላ።

ይህን ሁሉ ያናገረኝ የሥዕል ፍቅር ብቻ አይደለም። ከምህንድስና ከተመረቅኩ ጀምሮ የምሠራው ለውጭ ደንበኛ ነው። አንድ ጊዜ ስምንት ወር ሙሉ ሌሊት እየተነሣን የሠራነው ሲስተም ምረቃ ነበረው። ካሜራችሁን አጥፉ ተባልን። ደንበኛው «አውሮፓ ያለው ቡድናችን የሠራው ነው» ሲል በላፕቶፔ ስክሪን ላይ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ኮዱ ኦሪጅናል ነበር። ፎርጅዱ ዓረፍተ ነገሩ ነበር።

በኛ ሙያ መኮረጅ ነውር አይደለም። ግማሹ ሥራችን ሰው የጻፈውን ወስዶ ማስተካከል ነው። ግን ኤምአይቲ የሚባለው በጣም ልል የሆነው ላይሰንስ እንኳ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ የባለቤትነት ማስታወቂያውን አትሰርዝ። ጊት ደግሞ እያንዳንዷን መስመር ማን እንደጻፋት ይመዘግባል። ውሰድ፣ ቀይር፣ ሽጥ፤ ስሙን ግን አትፋቀው።

እንግዲህ ክሴ ይኸው። በመቅዳት ማንንም አልከስም። ጌንስቦሮ በ1788፣ ሬይኖልድስ በ1792 ሞተዋል፤ ከኪሳቸው የሚወሰድ ሳንቲም የለም። የምከሰው «መቶ በመቶ በእጅ የተሣለ» እያለ እጁን እየሸጠ የእጁን ባለቤት የሚደብቀውን ነጋዴ ነው። ሙዚየሞች «ከጌንስቦሮ የተቀዳ» ብለው መጻፍ ከቻሉ፣ ሸራው ጀርባ ላይ «ከጌንስቦሮ የተቀዳ፣ ቀጂው እገሌ፣ ዓመቱ ይህ» ብሎ መጻፍ ስንት ያስወጣል? አንድ እስክሪብቶ።

ትናንት የካፌውን ባለቤት አስፈቅጄ ሥዕሉን ከግድግዳው አወረድነው። ጀርባው ላይ ቁመቱ፣ ወርዱና አንድ የዕቃ ቁጥር አለ። ስም የለም። አቧራውን ጠርገን መልሰን ሰቀልነው።

እናንተም አንድ ቀን ለሳሎናችሁ እንዲህ ያለ ሥዕል ትገዙ ይሆናል። ግዙ፣ አትፈሩ፣ የሚስቅባችሁም ይሳቅ። ሻጩ ግን «በእጅ የተሣለ ነው» ሲላችሁ ዝም አትበሉ። «በማን እጅ?» በሉት።