አጥቂ እየቀያየርን ጎል አይመጣም!

አጥቂዎቻችንን ስሰድብ ለማንበብ የመጣችሁ ካላችሁ ከአሁኑ እለፉት። የዛሬ ነገሬ ከአጥቂ ጋር ሳይሆን አጥቂውን ሜዳ ላይ ብቻውን ጥሎ ከመስመር ውጪ እጁን አጣምሮ ከሚያየው ሰው ጋር ነው።

አቦ እስቲ በግልጽ እናውራ። የዝውውር መስኮት በተከፈተ ቁጥር አንድ አጥቂ ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል። እኛም ከዚራም ሳቢያንም ቁጭ ብለን "ይሄኛው ያገባል" እንላለን። አያገባም። ሰው እየተቀየረ ውጤቱ ካልተቀየረ ችግሩ ያልተቀየረው ነገር ላይ ነው፤ እሱም የማጥቃት ዕቅዳችን ነው። ዕቅድ ከተባለ!

ቡድናችን እንዴት ነው የሚያጠቃው? ተከላካዩ ኳስ ይይዛል፣ ቀና ይላል፣ ወደ ፊት ይለጋል። ፊት ያለው ልጅ ከሁለት ረጃጅም ተከላካዮች ጋር ይዘላል። በጭንቅላቱ ቢነካት እንኳ የምትወድቀዋን ኳስ የሚለቅም ሰው አጠገቡ የለም፤ አማካዮቹ እኛው ሜዳ ላይ ናቸው። የክንፍ ልጆቹ ደግሞ የተመላላሾቹ ረዳት ሆነው ቀርተዋል። ከዚያ 80ኛው ደቂቃ ላይ ቅያሪ ይመጣል፤ አጥቂ ወጥቶ አጥቂ ይገባል። ያው ብቸኝነት፣ በአዲስ እግር!

ምክንያቶቹን እናውቃቸዋለን።

አንደኛ፣ "ድሬ ትሞቃለች፣ ኳስ ይዞ መጫወት አይቻልም።" ተገላቢጦሽ ነው። በሙቀት የሚያደክመው ኳስ መያዝ ሳይሆን የለጋኸውን ኳስ መልሰህ ለማግኘት መሮጥ ነው። ኳሷን አሯሩጧት፣ እሷን አያልባትም። ሙቀቱን ከኛ በላይ የለመደው ማን ነው? እንግዳው ቡድን መሮጥ ሲገባው እኛው እንሮጥለታለን።

ሁለተኛ፣ "በጀት የለም።" እሺ። ማዕዘን ምት ስንት ብር ያወጣል? አንዱ ቅርብ ቋሚ ጋ፣ አንዱ ሩቅ ቋሚ ጋ፣ አንዱ ሳጥን ጫፍ ላይ ቆሞ የሚመለሰውን ይጠብቅ ማለት በነጻ ነው። ልምምድ ላይ 20 ደቂቃ ይበቃዋል።

ሦስተኛዋ "አንድ ነጥብም ነጥብ ነው" የምትለዋ ናት። እስቲ እንደምር። 30 ጨዋታ ተጫውተህ ሁሉንም አቻ ብትወጣ 30 ነጥብ አለህ። 10 አሸንፎ 20 የተሸነፈም 30 አለው። ማሸነፍ 3 ነጥብ በሆነበት ሊግ ላለመሸነፍ ብቻ መጫወት ጥንቃቄ ሳይሆን የሂሳብ ስህተት ነው።

ደግሞ ይሄን የሚነግሩን ለማን ነው? ጥጥ ማኅበርን ላወጣች ከተማ! ከሸዋ ክለቦች ጋር ተፎካክሮ ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነውን ቡድን። ለጥጥ ማኅበር የተጫወተው ሉቻኖ ቫሳሎ በ1954 ዓ.ም. አምበል ሆኖ የአፍሪካ ዋንጫን አንስቷል። በዚያ ፍጻሜ ግብፅ ሁለቴ መርታናለች። ሁለተኛውን አቻ ያደረገው ራሱ ሉቻኖ ነው፤ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አለቀ። ያኔ ወደ ኋላ ተሰብስበው "ብንሸነፍም በጠባብ ይሁን" ቢሉ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ዋንጫ አይኖርም ነበር። በ1968 ደግሞ የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ እዚሁ ድሬዳዋ ነበር፦ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳን፣ ዛየር። ሞሮኮ ከዚህ ምድብ ወጥታ ነው ዋንጫውን የወሰደችው። አባቶቻችን ያንን ኳስ በዓይናቸው አይተዋል። ይሄ ሕዝብ ጥሩ ማጥቃት ምን እንደሚመስል ከማንም መማር አያስፈልገውም።

አሰልጣኝ፣ ድሬ ላይ አንቱታ የለም፣ ስለዚህ "አንተ" ስልህ በንቀት አይደለም። ዋንጫ አምጣ አላልኩህም። ሦስት ነገር ብቻ፦ አጥቂው አጠገብ ሰው ይኑር። የክንፍ ልጆች ወደ ፊት ይለቀቁ። ቅያሪው በ60ኛው ደቂቃ ይሁን፣ ጨዋታ ሊቀይር እንጂ ሰዓት ሊገድል አይሁን።

ተሸንፈንም አጨብጭበን እንሸኛችኋለን፣ አጥቅታችሁ ከተሸነፋችሁ። በዚያ ፀሐይ ላይ ለ90 ደቂቃ የሚቀመጠው ደጋፊ ግን ተከላካይ ኳስ ሲለጋ ለማየት አይደለም ትኬት የሚቆርጠው።

የማትስማሙ ኮመንት ላይ ኑ። "ደጋፊ ስለ ታክቲክ ምን ያውቃል" የምትሉ ግን መጀመሪያ የማዕዘን ምቱን አስረዱኝ።