በእናትም በኩል እንቁጠር

ዛሬ ከመንዝ ደጋ የወጣ ሰው ዘርህን ቁጠር ቢሉት በአባቱ ጀምሮ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ ምንጅላቱን እያለ በወንድ ስም ብቻ ሽቅብ ይወጣል። ሴት አይጠራም። የጥንቶቹ ግን እንዲህ አልነበሩም። ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለነበር፣ ዳኛ ፊት የቆመ ተሟጋች ከአቅኚ አባት ጀምሮ ሲወርድ ሐረጉ በሴት ካለፈ ሴቲቱን በስሟ ይጠራት ነበር። እሷን ከዘለለ መሬቱንም ያጣ ነበር።

የመሬት መብት በዘር ቆጠራ ላይ ለመቆሙ የመንዙ የጓሳ ሜዳ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተንጣለለው ይህ የሣር ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጥበቃ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ሣሩ ለዓመታት ይከለከል ነበር፤ ሲደርስ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት መኖ ይከፈት ነበር። ከሣሩ ለመድረስ የአቅኚ አባቶቹ የአስቦ ወይም የጌራ ተወላጅ መሆን ያስፈልግ ነበር። በጎጃም ዳሞት ርስትን ያጠናው አለን ሆበንም እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ በወንድም በሴትም የሚቆጠር ዘር ምን ያህል የሙግት ኃይል እንደነበረው በሰፊው ጽፏል። የደጋው ሰው ሰባትና ስምንት ትውልድ በቃሉ ይይዝ የነበረው እንጀራው በዚያ ላይ ስለቆመ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ጭሰኛው እፎይ አለ፤ ይህ የሚካድ አይደለም። ቆጠራው ግን ሥራ ፈታ። የቀረው ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት መቁጠር ብቻ ነው፤ እሱም ከተማ ሲገባ እየላላ ሄደ።

የቤተሰቤን ታሪክ ለመጻፍ ስነሣ አጎቶቼ የአባቴን ወገን እስከ ሰባተኛው ድረስ ሳይደናቀፉ ነገሩኝ። የቅድመ አያቴን ሚስት ስጠይቅ ግን ዝም አሉ። ያወቁት አክስቴ ነበሩ። «ልጄ፣ ቅድመ አያትህ እኮ በሚስታቸው ርስት ነው የገቡት» አሉኝ። እርሻውም፣ የቤቱ ቦታም፣ እኛ የአባቶቻችን አገር እያልን የምንምልበት መንደርም ከሴቲቱ ወገን የመጣ ነበር። ሴትዮዋ ዝተት የሚሆን የበግ ፀጉር ሲፈትሉ ኖረው፣ በርስታቸው ሌሎች እየተጠሩበት፣ ስማቸው ከቤተሰቡ አፍ ጠፋ። ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። አንድን ቤት ያቆመ ሰው ከዚያ ቤት ታሪክ ወጥቷል ማለት ነው።

የሴትዮዋን ዕድሜ ያገኘሁት በጦርነት ነው። አክስቴ ዓመተ ምሕረት አይቆጥሩም፤ «የሰገሌ ጊዜ አራስ ነበሩ» ይላሉ። የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ስለሆነ የመጀመሪያው ልጅ ልደት በዚያው ታወቀ። ሌላውን በክፉ ቀን፣ በጠላት መግባት፣ በ1977ቱ ድርቅ እያያዙ ማስቀመጥ ይቻላል። ስም ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። አንድ ሰው የዓለም ስምም የክርስትና ስምም ስላለው፣ ለተዝካር የሚጠራውና ጎረቤት የሚያውቀው ሁለት ሰው ይመስላል።

በርስት ሙግት የተጠበቀ ትዝታ ደግሞ የራሱ አድልዎ አለው። ርስት ያልነበረው ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ በሰው ቤት ያደገ ሎሌ ቆጣሪ አልነበረውም። በየቤታችን ሐረግ ውስጥ እነሱ የሉም፤ በየቤታችን ግን ኖረዋል። የቤተሰብ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህንን ካላነሣ የጻፈው የባለ ርስትን ክርክር ነው።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ በሚቀጥለው በዓል አገር ቤት ስትገባ ወንዶቹን ብቻ ከበህ አትቀመጥ። ወደ አክስቶችህ ሂድ። የአያትህ እናት ከየት መንደር እንደመጡ፣ የክርስትና ስማቸው ማን እንደነበረ፣ ቤቱ በማን ርስት ላይ እንደተሠራ፣ በዚያ ቤት ሲያገለግል የኖረው ማን እንደሆነ ጠይቅ። የነገሩህንም እዚያው ጻፈው።