ሻምፖ ጠርሙስ አይደለም

ቅዳሜ ዕለት ፀጉር ቤት አንገቴን ማጠቢያው ላይ ደግፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሳለ፣ ባለቤቷ ዋጋ የጨመረችበትን ምክንያት ለአንዷ ደንበኛ ስታስረዳ ሰማሁ፤ «ሻምፖው የውጭ ነው እኮ!»

«ለአጣቢዋስ ጨመርሽላት?» አልኳት እንደተጋደምኩ።

ሳቀች። «እሷ ደግሞ ሻምፖ ከማድረግ ሌላ ምን ትሠራለች?»

ንዴቴ እስከ ጣቴ ጫፍ ወረደ። እመቤቴ፣ ይሄን እንደ ቀላል የጠራሽውን ቃል መጀመሪያ እወቂው!

ሻምፖ ሂንዲ ነው። «ቻምፖ» ማለት «ተጫን፣ እሽ» ማለት ነው። ትእዛዝ ነው! ጌታው «እሽ!» ይላል፣ አገልጋዩ «እሺ!» ይላል። እንግሊዞች ህንድ ሄደው ሰሙትና በ18ኛው መቶ ዘመን ወደ ቋንቋቸው ሲያስገቡት ትርጉሙ ገላን ማሸት ነበር። ስለ ፀጉርም ስለ አረፋም ወሬ የለም።

ህንድ ውስጥ ፓትና የተወለደው ሳኬ ዲን ማሆመድ እ.ኤ.አ. በ1814 ብራይተን በምትባለው የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ የእንፋሎት መታጠቢያ ከፍቶ፣ የታመመ መገጣጠሚያ እያሸ ስሙ ገነነ። ጆርጅ 4ኛና ዊሊያም 4ኛ የሻምፖ ሐኪማቸው አደረጉት። ሁለት ነገሥታት የሾሙት የሰውየውን አሥር ጣቶች ነው!

ከዚያስ? በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ግድም ቃሉ ከገላ ወደ ራስ ወጣ፤ ፀጉር ማጠብ ሆነ። ቀጥሎ ከሰው እጅ አምልጦ ዕቃ ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1903 በርሊን ላይ ሀንስ ሽቫርትስኮፍ በውሃ የሚበጠበጥ የሻምፖ ዱቄት በከረጢት ይሸጥ ነበር። «እሽ» የነበረው ግስ «ስንት ነው?» የሚባል ሸቀጥ ሆኖ ቀረ።

እኛም የተረከብነው ሸቀጡን ነው። ለጠርሙሱ መደርደሪያና መብራት ሠርተንለታል፤ የእጇ ቆዳ በሙቅ ውሃ ለተላጠባት ልጅ ግን ጓንት እንኳ አልገዛንም። ጠርሙሱ ሲወደድ ደንበኛ ይከፍላል፤ ኑሮ ሲወደድ አጣቢዋ ራሷ ትከፍላለች። ያ የውጭ ሻምፖ እስቲ ብቻውን ራሴ ላይ ይፍሰስና ያሸኝ! የራስ ቅሌን ዳብሶ፣ ከጆሮዬ ሥር ገብቶ፣ የሳምንቱን ድካም ከማጅራቴ ያውጣልኝ! አይችልም። አረፋ ጣት የለውም።

እኔም ብሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። እናቴ አናቴ ላይ ቅቤ አድርጋ ስታሸኝ መርቄያት አላውቅም፤ ይልቅ ሽታው አስጠላኝ ብዬ አለቀስኩባት። ወጥ ለጣፈጠላት ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» የምንል ሰዎች፣ ማጠቢያው ጋ ስንደርስ ምላሳችን ይታሰራል።

ቅዳሜ ግን ተነሥቼ፣ ፎጣው ከራሴ ሳይወርድ፣ አጣቢዋን «እጅሽ ይባረክ» አልኳት። ልጅቷ የሚጎድል ነገር ያለ መስሏት ደነገጠች። ከዚያ ወደ ባለቤቷ ዞርኩ፤ ምርቃት ደመወዝ አይሆንማ!