የቤተሰብ ማዕዘን፦ ረግረግ በሌለበት ከተማ ወባ ከየት መጣ?

በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ልጆቻችን ስለ ወባ ቢጠየቁ አብዛኞቹ በቃላቸው የያዙትን ወዲያው ይዘረዝራሉ። ወባ በትንኝ ይተላለፋል፤ ትንኝ በረግረግ ይራባል፤ ስለሆነም ረግረግን ማፋሰስና በአጎበር ሥር መተኛት ያሻል ይላሉ። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ እናትና አባቶቻቸውም የተማሩት ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ ረግረግ ቀርቶ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድ ወንዝ እንኳ የሌላት ከተማ በወባ ስትመታ፣ ይህ በቃል የተያዘ ትምህርት ምን መልስ ይሰጣል? ጎረቤታችን ጅቡቲ ከተማ ይህን ጥያቄ በግልጽ ስላቀረበች፣ ለልጆቻችን ጤናን የምናስተምርበት ምሳሌ አድርገን በዛሬው ጽሑፋችን እንመለከታታለን።

እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ አገር በሙሉ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 27 ብቻ ነበሩ። አገሪቱ ወባን ፈጽማ ለማጥፋት ጥቂት የቀራት መስሎ ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ የሕሙማኑ ቁጥር ከ73,000 በላይ ደረሰ። የሕዝቧ ብዛት አንድ ሚሊዮን ገደማ ለሆነ አገር ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

ለመሆኑ በመካከሉ ምን ተፈጠረ? እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ከተማ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል የወባ ትንኝ ተገኘች። ትውልዷ ከደቡብ እስያና ከዐረብ ልሳነ ምድር ሲሆን፣ በአፍሪካ ምድር ስትታይ ያ የመጀመሪያው ነበር። መርከብ በሚመላለስበት ወደብ በኩል ሳትገባ እንዳልቀረች ባለሙያዎች ይገምታሉ። ይህች ትንኝ እኛ ከምናውቃቸው የአገራችን የወባ ትንኞች የምትለይበት ጠባይ አላት። እነዚያ በአብዛኛው ክረምቱ ሲያልፍ በሚቀረው ኩሬና ረግረግ ይራባሉ። እርሷ ግን በከተማ መካከል፣ ሰው ለመጠጥና ለግንባታ ባጠራቀመው ንጹሕ ውሃ ላይ ዕንቁላሏን ትጥላለች። በርሜል፣ ሮቶ፣ የሲሚንቶ ገንዳና ክዳን የሌለው ጋን ቤቷ ናቸው። ዝናብ መጠበቅ አያስፈልጋትም፤ በበጋም ትራባለች።

እንግዲህ ልጆቻችን «ጥፋተኛዋ ትንኟ ናት» ብለው ነገሩን ሊዘጉት ይችላሉ። ወላጅ ወይም መምህር ግን በዚህ ሊያሳልፋቸው አይገባም። ትንኟ የገባችው በአንድ ወደብ ሲሆን፣ ቤት ያገኘችው በሰው አኗኗር ውስጥ ነው። ታዲያ የጅቡቲ ከተማ ነዋሪ ውሃን በበርሜል የሚያስቀምጠው ለምንድን ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት የተፈጥሮ አካባቢ ነው። በጅቡቲ ከተማ ዝናብ እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። የአምቡሊ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ደራሽ ጎርፍ ሲመጣ ግን እ.ኤ.አ. በ2004 እንደታየው የብዙ ሰው ሕይወት ይዞ ይሄዳል። ከተማይቱ ለረጅም ዘመን የኖረችው ከከርሰ ምድር በሚቀዳ ውሃ ሲሆን፣ ፍጆታው ሲበዛ ውሃው እየጨወየ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከአገራችን ከሐደጋላ የተዘረጋው የውሃ መስመር ሥራ የጀመረው ይህንኑ እጥረት ለማቃለል ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ማኅበራዊና ታሪካዊ ነው። ፈረንሳዮች አገሪቱን ያስተዳድሩ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ከገጠር የሚመጣው ሕዝብ ወደ ከተማ እንዳይገባ ዙሪያውን በእሾህ ሽቦ አጠሩት። መግባት የተከለከለው ድሃ ከአጥሩ ውጭ በቆርቆሮና በእንጨት ጎጆ እየቀለሰ ሰፈረ። ዛሬ ባልባላ የሚባለው ሰፊ ሰፈር የተወለደው በዚህ ዓይነት ነው። ከተማ ሲሠራ አስቀድሞ ታስቦበት የውሃ ቧንቧ በየቤቱ ይዘረጋል። በችግር የተወለደ ሰፈር ግን ሰው ከሰፈረ በኋላ ቧንቧን ሲጠብቅ ይኖራል። ቧንቧ የሌለው ሰው ከቦቴ ገዝቶ በበርሜል ያኖራል። ቧንቧ ያለውም ቢሆን ውሃ መጥቶ እስኪሄድ ያጠራቅማል። እንግዲህ ከአንዱ የእሾህ ሽቦ እስከ አንዱ ሕፃን ትኩሳት ያለው መንገድ ረጅም ቢሆንም፣ ሊከተሉት ለወደደ ሰው የተቆረጠ አይደለም።

ይህ አመለካከት የእኛ ፈጠራ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋመውና እንግሊዛዊው ሐኪም ማይክል ማርሞት በሊቀ መንበርነት የመራው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ባቀረበው ዘገባ፣ የሰው ጤና በሐኪምና በመድኃኒት ብቻ ሳይሆን ሰው በሚወለድበት፣ በሚያድግበት፣ በሚሠራበትና በሚያረጅበት ሁኔታ ጭምር እንደሚወሰን አስረድቷል። የጅቡቲ ወባ ይህን አባባል በበርሜል ውስጥ ያሳየናል።

ከዚህም በላይ ነገሩ የጎረቤት ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ያችው ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሐር ተገኘች። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከጅቡቲ በሚመጣው የባቡር መሥመር ላይ በምትገኘው በድሬዳዋ፣ ወባ በማይጠበቅበት በበጋ ወራት፣ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ 2,400 ያህል ሰዎች ታመሙ። ከታመሙት መካከል የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይገኙበታል። ተመራማሪዎች በሕሙማኑ መኖሪያ ዙሪያ ሲፈልጉ ያገኙት በአብዛኛው ይህችኑ ትንኝ ነበር። ተማሪዎቹ ስለ ወባ ያልተማሩ አልነበሩም፤ ነገር ግን ዕውቀት ብቻውን ክዳን የሌለውን የውሃ ገንዳ አይከድንም።

እንግዲህ ልጆቻችንን እንዴት እናስተምር? ሁለት ወጥመዶች እንዳሉ አስቀድመን እንወቅ። አንደኛው ታማሚውን መውቀስ ነው። «ንጽሕና ስለማይጠብቁ ነው» የሚል አነጋገር በልጆች አፍ ቶሎ ይለመዳል። የባልባላዋ እናት ግን ውሃ ያጠራቀመችው ልጆቿ እንዳይጠሙና እንዳይቆሽሹ ብላ ነው። ወቀሳው በሽታን ወደ ነውር ይለውጠዋል፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም። ሁለተኛው ወጥመድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሁሉም ነገር የኑሮ ሁኔታ ውጤት ነው ተብሎ የተነገረው ወጣት እጁን አጣምሮ ሊቀመጥ ይችላል። ምክንያቱን ማወቅ የሚጠቅመው ማን ምን ማድረግ እንደሚችል ለመለየት ሲረዳ ነው።

ስለሆነም ወላጆች ለልጆቻቸው ሦስት ጥያቄዎች እንዲያቀርቡ እንመክራለን። ይህ በሽታ ለምን እዚህ ሆነ? ለምን አሁን ሆነ? ከሌላው ይልቅ እገሌን ለምን በረታበት? ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ «ይህስ ስለምን?» እየተባለ ወደ ኋላ ይኬድ። በመጨረሻም የተገኙት ምክንያቶች በሦስት ይከፈሉ፤ ቤተሰብ የሚያስተካክለው፣ ሰፈር ወይም የጦር ሰፈር በኅብረት የሚያስተካክለው፣ መንግሥትና ወደብ አስተዳዳሪ ብቻ የሚያስተካክለው። የጅቡቲ መንግሥት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በአምቡሊ ሰፈር የማይናከሱና ሴት ዘራቸው የማይበቅል ወንድ ትንኞችን በላቦራቶሪ አዘጋጅተው ከሚያቀርቡ ባለሙያዎች ጋር በመተባበር መልቀቅ መጀመሩ የሦስተኛው ክፍል ምሳሌ ነው። በርሜል መክደን ደግሞ የመጀመሪያው ክፍል ነው።

በእኛም የጦር ሰፈር ውሃ በየቤቱ ደጃፍና በየመምሪያው ጓሮ ይጠራቀማል። በሞቃት አገር ዕንቁላሉ በራሪ ትንኝ ለመሆን የሚፈጅበት ጊዜ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ በርሜልና ባልዲ በየሳምንቱ ተደፍቶ ውስጡ ቢፈገፈግ፣ ሮቶውና ገንዳው ትንኝ በማያሳልፍ ክዳን ቢዘጋ ዑደቱ ይቋረጣል። ትንኟ ገና በመሸ ጊዜ ከቤት ውጭም ስለምትናከስ አጎበር አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። በተጨማሪም በአካባቢያችን አገሮች አንዳንዱ የወባ ተሐዋሲ በፈጣን የደም ምርመራ የማይታይበት ጊዜ አለ። ስለሆነም ምርመራው «የለብህም» ብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቀ ተመልሶ በማይክሮስኮፕ መታየት ያሻል እንጂ፣ ተኝቶ መጠበቅ አይገባም።

ወጣቶቻችን በዚህ ሳምንት የሚሠሩት አንድ ሥራ እንስጣቸው። ሁለት ሁለት እየሆኑ በሰፈሩ ውስጥ ውሃ የሚቆምበትን ዕቃ ሁሉ ቆጥረው፣ የተከደነውንና ያልተከደነውን ለይተው፣ በወረቀት ላይ ካርታ ይሳሉ። ካልተከደነው አጠገብ ያልተከደነበትን ምክንያት ባለቤቱን በትሕትና ጠይቀው ይጻፉ። ክዳን አልተገኘም ይሆን? ቧንቧው የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ይሆን? በርሜሉ የጋራ ሆኖ ባለቤት የለውም ይሆን? ከካርታው ይልቅ የሚያስተምረው ይህ ምክንያት ነው፤ ለሰፈሩ ኃላፊዎችም የሚቀርበው አቤቱታ ከዚህ ይወጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ክረምቱንም ሆነ የመጀመሪያውን ታማሚ ሳንጠብቅ እንጀምር። የተዘጋጁትን ካርታዎች ወደዚህ ገጽ ለሚልኩ ወጣቶች በሚቀጥሉት እትሞች ቦታ አዘጋጅተን እንጠብቃለን።